በጋዜጣ ስም ፊት የምትቆመው ቃል

አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲጽፍ የኒው ዮርክ ታይምስን ጋዜጣ ያነሣል። ከስሙ ፊት የምትቆመውን «ዘ» የምትባል ቃል በትንሽ ፊደል ይጽፋታል። አስተማሪው በቀይ ቀለም ይከብባትና «ስም ነውና በትልቅ ፊደል ጻፍ» ይለዋል። በሚመጣው ዓመት ክፍል ሲያልፍ የተማረውን አስታውሶ በትልቅ ፊደል ይጽፋታል፤ አዲሱ አስተማሪ ደግሞ «በዓረፍተ ነገር መካከል ትልቅ ፊደል ምን አመጣው?» ብሎ ይሰርዝበታል። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ከመሥሪያ ቤት ሲቀጠር ጣጣው አብሮት ይቀጠራል። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ አርቅቆ ያቀርባል፤ አንዱ አለቃ ያርመዋል፤ ከእርሱ በላይ ያለው አለቃ እርማቱን መልሶ ያርመዋል፤ ደብዳቤውም በአንዲት ፊደል ምክንያት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይሰነብታል።

ነገሩ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ያስቃል። ለሚደርስበት ወጣት ግን ሳቅ አይደለም። በሰው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ድፍረቱ ቀጭን ነው፤ ዛሬ ትክክል የተባለው ነገ ስሕተት ሲባልበት «እኔ ይህን ቋንቋ መቼም አላውቀውም» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ የራሱን ሐሳብ በራሱ ቃል መጻፉን ይተውና ያረጀ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት እያስወጣ መገልበጥ ይጀምራል። ብዙ ብሩህ ልጅ በዚህ ዓይነት ብዕሩ ሲደርቅ አይቻለሁ። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ይህችን ትንሽ ቃል ይዘን ጥቂት ብንመረምር ጊዜ ማባከን አይሆንብንም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ከሁሉ በፊት «ከሁለቱ አስተማሪዎች ማንኛው ተሳሳተ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ልስጥ። በአጻጻፉ ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። የሚወቀሱበት ነገር ቢኖር እያንዳንዳቸው የአንድን ቤት ሕግ የቋንቋው ሁሉ ሕግ አስመስለው መናገራቸው ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ነገር ላይ አንድ የማያወላውል ሕግ የለውም፤ ጋዜጣው ሁሉ፣ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ የየራሱ ደንብ አለው። ደንቦቹ ይለያዩ እንጂ የሚከራከሩበት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ያን ጥያቄ የያዘ ሰው የትኛውም ደንብ አያስደነግጠውም።

በመጀመሪያ ስለ ትልቅና ትንሽ ፊደል ጥቂት ቃል። በእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። «ን» በንጉሥ መጀመሪያም ሆነ በንብ መጀመሪያ ያው «ን» ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ስምን ለማክበር ሲፈልጉ የፊደሉን መጠን ሳይነኩ ቀለሙን ይለውጡ ነበር፤ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ እንዲሁም የመጽሐፉን መግቢያ በቀይ ቀለም ይጽፉታል። ሮማውያን በበኩላቸው በድንጋይ ላይ ይቀርጹት የነበረው ፊደል ዛሬ ትልቅ የምንለውን ብቻ ነበር። ትንንሾቹ ፊደሎች ከእጅ ጽሕፈት ፍጥነት ቀስ በቀስ የተወለዱ ናቸው፤ በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በሻርለማኝና በተከታዮቹ ዘመን፣ ጥርት ያለ የትንሽ ፊደል አጻጻፍ በምዕራብ አውሮፓ ተስፋፋ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ዓይነት ፊደሎች በአንድ ገጽ ላይ ጎረቤታሞች ሆኑ። ኅትመት ከመጣ በኋላም ፊደል ለቃሚዎች ትልልቁን በላይኛው ሣጥን፣ ትንንሹን በታችኛው ሣጥን ያኖሩት ስለነበር እንግሊዞች እስከ ዛሬ ፊደሎቹን «የላይኛው ሣጥን»ና «የታችኛው ሣጥን» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ታዲያ የትኛው ፊደል መቼ እንደሚነሣ ከሰማይ የወረደ ሕግ የለም፤ የየአገሩ ልማድ ነው። ጀርመኖች የነገርን ስም ሁሉ፣ ወንበሩንም ዳቦውንም ሳይቀር፣ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። እንግሊዞች የሰኞንና የማክሰኞን፣ የጥርንና የየካቲትን ስም በትልቅ ፊደል ሲጀምሩ ፈረንሳዮች በትንሽ ፊደል ይጽፏቸዋል። ስለዚህ ስለ ትልቅ ፊደል የሚነሣ ክርክር ሁሉ ስለ ልማድ የሚነሣ ክርክር መሆኑን አስቀድመን እንወቅ።

አሁን ወደ ቃሏ እንምጣ። «ዘ» እንግሊዞች አርቲክል ከሚሏቸው ቃላት አንዷ ናት፤ እኛ አመልካች ብንላት ይበቃል። ሥራዋም ሰሚው የሚያውቀውን አንድ ነገር ለይቶ ማሳየት ነው። በአማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራው ከስሙ ጫፍ የሚለጠፍ ድምፅ ነው፤ «ጋዜጣ» ያልነውን «ጋዜጣው» ስንል ሰሚው የትኛው እንደሆነ ያውቃል ማለታችን ነው። የእኛ አመልካች ከስሙ ኋላ ተጣብቆ ስለሚሄድ ለብቻው ቆሞ አያስቸግረንም። የእንግሊዞቹ ግን ከፊት ለብቻዋ ትቆማለች፤ ክርክሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። ይህች ከፊት የቆመች ቃል የማን ናት? የጋዜጣው ስም ናት ወይስ የጸሐፊው ዓረፍተ ነገር?

ይህን ከአገራችን የከተማ ስም ጋር ብናነጻጽረው ይገባናል። «ደብረ ብርሃን ከተማ» ስንል ሁለት ዓይነት አጃቢ ቃላት አሉን። «ደብረ» የሚለው የስሙ አካል ነው፤ ቢወጣ ስሙ ይፈርሳል። «ከተማ» የሚለው ግን እኛ ለማስረዳት የጨመርነው ነው፤ ቢወጣ ስሙ አይነካም። የእንግሊዝኛዋ «ዘ» አስቸጋሪነት አንዳንድ ጊዜ እንደ «ደብረ»፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ «ከተማ» መሆኗ፣ በሁለቱም ጊዜ ግን መልኳ አንድ መሆኑ ነው። የስሙ አካል ናት ያለ ሰው በትልቅ ፊደል ይጽፋታል፤ የዓረፍተ ነገሩ አገልጋይ ናት ያለ ደግሞ በትንሽ ፊደል ይጽፋታል።

የጋዜጦቹን ታሪክ ስንመለከት የስሙ አካል ያደረጓት ብዙ ናቸው። የሎንዶኑ ታይምስ በ1785 በጆን ዋልተር ሲመሠረት «ዘ ዴይሊ ዩኒቨርሳል ሬጅስተር» ይባል ነበር፤ በ1788 መጀመሪያ ቀን «ዘ ታይምስ» ተባለ። የኒው ዮርኩ ጋዜጣ በ1851 ሲወጣ «ኒው ዮርክ ዴይሊ ታይምስ» ነበር፤ በ1857 «ዴይሊ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ዘ ኒው ዮርክ ታይምስ» ሆነ። ከዚያም በኋላ «ኒው» እና «ዮርክ» በአጭር ሰረዝ ተያይዘው ይጻፉ ነበር፤ ሰረዟ የተነሣችው በ1896 ነው። የሕንዱ «ዘ ታይምስ ኦቭ ኢንዲያ»ም ይህን ስም የያዘው በ1861 ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ዘ»ን ከስማቸው ጨርሰው ያላስገቡ ታላላቅ ጋዜጦች አሉ። በ1888 የተመሠረተው ፋይናንሻል ታይምስ፣ ሎስ አንጀለስ ታይምስ፣ በ1982 የወጣው ዩ.ኤስ.ኤ. ቱዴይ ከእነዚህ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ጋዜጦች ሁለቱም ታይምስ ቢባሉ እንኳ በአንዱ ስም ውስጥ «ዘ» አለች፤ በሌላው የለችም።

ዳሩ ግን ጋዜጣው በስሙ ውስጥ አስገብቷታል ማለት ጸሐፊው ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጽፋታል ማለት አይደለም። የየቤቱ ደንብ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ራሱ ሲጽፍ በዓረፍተ ነገር መካከልም ቢሆን ቃሏን በትልቅ ፊደል ይጽፋታል፤ ስሙን አሳጥሮ «ዘ ታይምስ» ሲልም እንደዚሁ ነው። የእንግሊዙ ጋርዲያን ግን ስለ ራሱ ሲጽፍ እንኳ በትንሽ ፊደል ይጽፋታል፤ ለሌሎች ጋዜጦችም ደንቡ ያው ነው። ኢኮኖሚስት የተባለው በ1843 የተመሠረተ የሎንዶን ሳምንታዊ ደግሞ የጋዜጣንና የመጽሔትን ስም በዘመም ፊደል ይጽፍና «ዘ»ን ከስሙ ጋር የሚያዘመው ለራሱ ብቻ ነው፤ የሌሎቹን «ዘ» ከስማቸው ውጭ በትንሽ ፊደል ያቆማታል። ለራሱ ቤት ቆርሶ ትልቁን ማስቀረት ይሏል ይህ ነው! በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የአጻጻፍ ደንብ ውስጥ የተመዘገበው የቆየ የእንግሊዝ ልማድም «ዘ»ን በትልቅ ፊደል የሚፈቅደው ለታይምስና ለኢኮኖሚስት ብቻ ነበር።

በአሜሪካም አንድነት የለም። መጽሐፍ አሳታሚዎች የሚያከብሩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የአጻጻፍ መምሪያ በ2017 በወጣው 17ኛ እትሙ ጋዜጣው የራሱን ስም እንዴትም ቢጽፍ በዓረፍተ ነገር መካከል «ዘ»ን በትንሽ ፊደል ጻፉ ይል ነበር። የዜና ሰዎች የሚከተሉት የአሶሺዬትድ ፕሬስ መምሪያ ግን ጋዜጣው በዚያ ስም መጠራት ከመረጠ «ዘ»ን በትልቅ ፊደል ጻፉ ይላል። ከዚህም በቀር አንድ ብልኅ ማሻሻያ ጨምሮበታል፤ በአንድ ዜና ውስጥ ብዙ ጋዜጦች ተከታትለው ሲጠቀሱ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ «ዘ» ያላቸው አንዳንዶቹም የሌላቸው ሲሆኑ፣ ለሁሉም በትንሽ ፊደል ጻፉ ይላል። ይህ የሆነው አንባቢው በአንድ መስመር ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደል ተደባልቆ አይቶ «ጸሐፊው ምን ነካው?» እንዳይል ነው።

ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። በትልቅ ፊደል ጻፉ የሚሉት «ስም የባለቤቱ ነው» ይላሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊ ሰው በውጭ አገር መዝገብ ላይ የራሱ ስም ቀርቶ በአባቱ ስም ብቻ ሲጠራ ቅር ይለዋል፤ የአባቱ ስም የቤተ ሰብ ስም እንዳልሆነ ለማስረዳትም ስንት ጊዜ ይደክማል። የራሱ ስም በትክክል እንዲጻፍለት የሚሻ ሰው የሌላውንም እንደዚያው ቢያከብር ተገቢ ነው። በትንሽ ፊደል ጻፉ የሚሉት ደግሞ «ስሙ የባለቤቱ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ የጸሐፊው ነው» ይላሉ። አንባቢው የየጋዜጣውን መዝገብ እንዲያገላብጥ አይገደድም፤ ጸሐፊውም «ይህ ጋዜጣ ‹ዘ› አለው ወይስ የለውም?» እያለ በየመስመሩ ከሚቆም ሁሉን በአንድ ዓይነት ቢጽፍ ሥራው ይቃናል፤ ገጹም ያምራል። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ክርክር ሳዳምጥ አንዱን ሐሰት ለማለት አፌ አይደፍርም።

ጥቂት ሰዎች «ከጋዜጣው ግንባር ላይ አይቶ መጻፍ ነው፤ ምን ያከራክራል?» ይላሉ። ይህ ምክር አደገኛ ነው። በጋዜጣ ግንባር ላይ ያለው ስም የሠዓሊ ሥራ ነው፤ የሰዋስው ምስክር ሊሆን አይችልም። ጋርዲያን በ2005 መልኩን ሲለውጥ «ዘ»ንና «ጋርዲያን»ን አጣብቆ፣ ሁሉንም በትንሽ ፊደል አድርጎ ያትም ጀመር፤ በ2018 ደግሞ ሁለቱን ቃላት ለያይቶ በትልቅ ፊደል ጀመራቸው። ጋዜጣው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ በዜናው ውስጥ ራሱን የሚጠራበት አጻጻፍ አልተለወጠም። ኒው ዮርክ ታይምስም እስከ 1967 ድረስ በግንባሩ ላይ ከስሙ መጨረሻ አንዲት ነጥብ ያኖር ነበር፤ ነጥቧን ግን በደብዳቤው ውስጥ ይጻፍ ያለ ሰው የለም። የጋዜጣን ትክክለኛ ስም ማወቅ የፈለገ ሰው ግንባሩን ትቶ ውስጡን ያንብብ፤ ጋዜጣው ስለ ራሱ ሲናገር ምን ይላል? መልሱ እዚያ ነው።

ሁሉም ቤት የሚስማማባቸው ነገሮችም ስላሉ ተማሪ እነዚህን አጥብቆ ይያዝ። አንደኛ፤ «ዘ» የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ቃል ስትሆን ያለ ክርክር በትልቅ ፊደል ትጻፋለች። ሁለተኛ፤ በስሙ መካከል የምትገባ «ዘ» በትንሽ ፊደል ትጻፋለች። ከ1843 እስከ 2011 ይታተም የነበረውን «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» የተባለ የእንግሊዝ የእሑድ ጋዜጣ ለምሳሌ ብንወስድ፣ «ኒውስ» እና «ወርልድ» በትልቅ ፊደል ሲጀምሩ በመካከል ያሉት «ኦቭ» እና «ዘ» በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ። ሦስተኛ፤ በስሙ ውስጥ «ዘ» የሌለው ጋዜጣ፣ ለምሳሌ ፋይናንሻል ታይምስ፣ በዓረፍተ ነገር መካከል «ዘ» ቢቀድመው ቃሏ የጸሐፊው ናትና ትንሽ ፊደል ይበቃታል።

አራተኛው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት ነው። የጋዜጣው ስም ሌላ ቃል ለመግለጽ ሲገባ «ዘ» ትወድቃለች። «አንድ የኒው ዮርክ ታይምስ ዘጋቢ» ለማለት በእንግሊዝኛ «አንድ» የሚለውን አመልካች «ኤ»ን ካስቀደምን በኋላ «ዘ»ን መድገም አይቻልም፤ ሁለት አመልካች በአንድ ስም ላይ አይሾምምና። ኒው ዮርክ ታይምስ ራሱ፣ ያን ያህል በትልቁ ፊደል የሚኮራው፣ እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ቃሏን ይጥላታል። «የእርሱ የታይምስ ጽሑፍ» በሚለውም ላይ እንደዚሁ ነው። ይህ ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ «ደብረ»ን ከደብረ ብርሃን የሚጥል ሰዋስው የለም፤ «ዘ» ግን ስም ሆና ሳለ እንኳ የሰዋስው ነፋስ ሲመጣ ትወድቃለች። ሁለት ጌታ ያላት ቃል መሆኗም በዚህ ይታወቃል።

አምስተኛው ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች የሚጠቅም ነው። ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ ከፊት ያለችው «ዘ» አትቆጠርም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ኒው ዮርክ ታይምስን የሚያኖሩት በ«ኤን» ፊደል ሥር ነው፤ በ«ቲ» ሥር የሚፈልገው አያገኘውም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ «ዘ» ብትቆጠር ኖሮ የዓለም ጋዜጣ ግማሹ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይታጨቅ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤ ውስጥ በትልቅ ፊደል ያከበርናትን ቃል በመደርደሪያው ላይ ዘልለናት እናልፋለን፤ በዚህ መደነቅ አያስፈልግም።

ይህ ጣጣ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በ1944 የተመሠረተው የፈረንሳይ ጋዜጣ «ለ ሞንድ» ይባላል፤ ትርጓሜው «ዓለሙ» ማለት ነው። ፈረንሳዮች «የለ ሞንድ ጽሑፍ» ለማለት ሲፈልጉ ሰዋስዋቸው «ለ»ን ከፊቷ ካለው ቃል ጋር አቅልጦ «ዱ ሞንድ» ያደርጋታል፤ የጋዜጣው አመልካች ከዓይን ይጠፋል። በመካከል የቀረው የ«ሞንድ» ትልቅ ፊደል ብቻ ነገሩ ስለ ዓለም ሳይሆን ስለ ጋዜጣው መሆኑን ይነግረናል። ስፓኛውያን ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ በ1976 የተመሠረተውን «ኤል ፓይስ»ን ሲጽፉ «ኤል» የስሙ አካል ናትና በሌላው ጊዜ ሁሉ የሚያደርጉትን ማቅለጥ ትተው ሙሉውን ይጽፋሉ። የጀርመኑ «ዲ ጻይት» ደግሞ እንደ ዓረፍተ ነገሩ ጠባይ አመልካቹን ይለውጣል፤ «በጻይት ላይ አነበብሁ» ሲሉ «ዲ» የነበረችው «ዴር» ትሆናለች። ሦስት ጎረቤት አገሮች፣ ሦስት ልማድ!

ከዚህ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የሚሆን አንድ ምክር ይወጣል። ስሙ በራሱ ቋንቋ አመልካች ካለው የእንግሊዝኛዋን «ዘ» አትጨምሩበት። የግብፁ «አል አህራም» ትርጓሜው «ፒራሚዶቹ» ማለት ነው፤ «አል» የዐረብኛው አመልካች ናት። በላዩ ላይ «ዘ»ን የሚጭን ሰው «ጋዜጣው» ማለት አንሶት «ጋዜጣውው» እንደሚል ሰው ነው። የዐረብ ፊደል ደግሞ እንደ እኛው ትልቅና ትንሽ የለውም፤ የትልቅ ፊደል ጥያቄ የሚነሣበት ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገር ብቻ ነው።

አሁን «ለአንዲት ቃል ይህ ሁሉ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሌሎች ሰዎች ስለዚህች ቃል ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ይመልከት። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ዘ» የምትለውን ቃል ለሚሸጠው ልብስ የንግድ ምልክት አድርጎ በ2022 አስመዝግቧል። ጋምቢያ የተባለችው የምዕራብ አፍሪካ አገር ከዛምቢያ ጋር እንዳትምታታ ጭምር ብላ «ዘ»ን በይፋ ስሟ ውስጥ በትልቅ ፊደል ይዛ ትኖራለች። ዩክሬን ደግሞ በ1991 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ከስሟ ፊት «ዘ» እንዳይጻፍ ጠይቃለች፤ ቃሏ አገሪቱን የሌላ መንግሥት ክፍለ ሀገር ታስመስላለች ብላ ነው። እንግዲህ አንዱ አገር ይዟት ክብሬ ናት ሲል ሌላው ጥሏት ክብሬ ተመለሰልኝ ይላል። በውጭ ጉዳይ ሥራ ላይ ለተሰማራ ወጣት ጸሐፊ ይህ የቀልድ ነገር አይደለም።

ወደ አገራችን ጋዜጦች እንመለስ። በ1943 የተጀመረው የእንግሊዝኛው ጋዜጣችን በስሙ ፊት «ዘ» አለው፤ በእንግሊዝኛ ስንጽፍም ከላይ እንዳየነው እንደ መረጥነው ደንብ በትልቅ ወይም በትንሽ ፊደል ልንጽፈው እንችላለን። በ1941 የተጀመረው አዲስ ዘመን ግን የአማርኛ ስም ነውና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ውስጥም «ዘ» አያስፈልገውም፤ ሁለቱን ቃላት በትልቅ ፊደል መጀመር ይበቃል።

በአማርኛ ስንጽፍስ? ብዙ ጸሐፊዎች የውጭውን ስም እንዳለ ለመገልበጥ ሲሉ «ዘ ታይምስ»፣ «ዘ ኢኮኖሚስት» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ሁለት ችግር አለበት። የመጀመሪያው፣ በግእዝ «ዘ» ማለት «የ» ማለት ነው፤ በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው «ዘ ታይምስ»ን ቢያይ «የታይምስ ምኑ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሁለተኛው፣ እንግሊዞች ራሳቸው ቃሏን በአናባቢ ድምፅ ከሚጀምር ቃል ፊት «ዚ» ይሏታል፤ «ኢኮኖሚስት»ም «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ም እንዲህ ያሉ ናቸው። በጆሮ «ዚ» የምትሰማውን በወረቀት «ዘ» ማለት ከድምፁም ከትርጉሙም ሳንሆን መቅረት ነው። የእኔ ምክር በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ይህችን ቃል መተው ነው። የእኛ አመልካች ከኋላ ነው፤ የሰውን አመልካች ከፊት ማስቀደም አያስፈልገንም። የጋዜጣው ሕጋዊ ስም ሙሉ በሙሉ መጻፍ ያለበት የውል ወይም የምዝገባ ወረቀት ሲሆን ብቻ እንዳለ ይገልበጥ።

ትልቅ ፊደል ስለሌለን ግን ስምን ከተራ ቃል የምንለይበት ሌላ መንገድ መያዝ አለብን። «ትናንት አዲስ ዘመን አየሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጋዜጣውን አየሁ ማለቱ ነው ወይስ ዘመኑ ተለውጦ አገኘሁት ማለቱ? እንግሊዛዊ ይህን በትልቅ ፊደል ይለየዋል፤ ፈረንሳዊም «ሞንድ»ን እንዲሁ ይለየዋል። እኛ ደግሞ ትእምርተ ጥቅስና «ጋዜጣ» የሚለው ቃል አሉን። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተን «ጋዜጣ» የሚለውን ብናስከትል ማንም አይሳሳትም። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ «ጋዜጣው» ማለት ይበቃል። የብራና ጸሐፊ በቀይ ቀለም ያደርገው የነበረውን እኛ በዚህ እናደርገዋለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ሥራ ለመመለስ፣ በትምህርት ቤት ያላችሁ አስተማሪያችሁ የትኛውን ደንብ እንደሚከተል በዓመቱ መጀመሪያ ጠይቁና እርሱን ያዙ። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ደንብ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው አንዱን መርጣችሁ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ከጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት። ደብዳቤው ለአንድ ጋዜጣ የተጻፈ ከሆነ ግን የዚያን ጋዜጣ ምርጫ ተከተሉ፤ ሰውን በቤቱ ደጃፍ በመረጠው ስም መጥራት ጨዋነት ነው። የመረጣችሁትን ደንብ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አትልቀቁት። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ደንብ ማግኘት፣ ከላይ ትልቅ ከታች ትንሽ፣ በየትኛውም ቤት ሕግ ጥፋት ነው።

ለአስተማሪዎችና ለአለቆችም አንድ ቃል አለኝ፤ እኔም አስተማሪ ነኝና ቃሉ ለራሴም ነው። ከተማሪው ወረቀት ላይ ይህችን ፊደል ከማረማችን በፊት ወደ ኋላ ገልጠን እንይ። በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት ጽፏት ከሆነ ልጁ ደንብ አለው፤ ደንቡ ከእኛ ደንብ ቢለይ «በዚህ ቤት የምንጽፈው እንዲህ ነው» ብለን ምክንያቱን እንንገረው፤ «አታውቅም» አንበለው። በአንዱ ቦታ እንዲህ በሌላው ቦታ እንዲያ ጽፏት ከሆነ ግን ያን ጊዜ ቀዩን ቀለም እናንሣ፤ የምናስተምረውም መጽናትን ይሆናል። በጠረጴዛችን ላይ ከሰነበተው ደብዳቤ ላይ ያለችው «ዘ» በዚህ መንገድ ታይታ አንድ ወጥ ከሆነች፣ ፈርመን ደብዳቤውን ዛሬውኑ እንላከው።